ከጓዳ የወጣው ዓሣ

እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ እህል በረንዳ ጤፍ ስትነግድ ኖራ፣ ከደረጃ ወድቃ የዳሌ አጥንቷ ከተሰበረ በኋላ እኔ ቤት መጣች። መጣች ማለት ይከብዳል፤ አመጣናት። ቤቴ አማኑኤል ነው፣ ከእሷ ቤት በእግር የሚኬድ፤ ለእሷ ግን ሌላ አገር ነበር። ከዘራ ይዛ መራመድ ከጀመረች ወዲህ አንድ ነገር ብቻ ነው የምትለው፦ «ወደ ቤቴ መልሱኝ።» እዚያ ቤት የምትኖረው ብቻዋን ነው፤ የወደቀችበት ደረጃም እዚያው ነው። ዳግም ብትወድቅ ማን ይሰማታል? ይህን ባሰብኩ ቁጥር እንቅልፍ እምቢ ይለኛል።

እኔ ቤት ያላመነችው ነገር ብዙ ነው። ወተቱ ውሃ ገብቶበታል። ከዘራው ሆን ተብሎ አጥሮ የተሠራ ነው። ትራሱ ውስጡ ጥጥ አይደለም፤ ይህንን እንኳ በምላጭ ተርትራ አየችው፤ እውነትም ቁርጥራጭ ጨርቅ ሆኖ ተገኘና ሳምንቱን ሙሉ ስታወራው ከረመች። አልፈርድባትም፤ መጠራጠር እንጀራዋ ነበር። በረንዳ ላይ ጆንያ ሲከፈትላት ከአፉ ያለውን ጤፍ ዞር ብላም አታየው። ክንዷን እስከ ክርኗ ትሰደውና ከታች ዘግና ታወጣለች፣ መዳፏ ላይ በትና ታያለች፣ በጥርሷ ትሞክራለች። ከላይ ያለው ለማሳያ ነው፣ የሚሸጥልሽ ከስር ያለው ነው ትለኝ ነበር። እኔም እንደዚያው ሆኜ አደግሁ። አንዋር መስጊድ አካባቢ የቤት ዕቃ አከፋፍላለሁ፤ የብርጭቆ ካርቶን ሲመጣልኝ የምከፍተው ከስሩ ነው።

ሳሎኔ ውስጥ የባሕር ውሃ አኳሪየም፣ ዓሣ የሚኖርበት የመስታወት ገንዳ፣ አለኝ። ዱባይ ዕቃ ለመጫን ስመላለስ አንድ ሱቅ ውስጥ አይቼ ነው የተለከፍኩት። ጨውን ከውጭ አስመጥቼ ከተጣራ ውሃ ጋር እበጠብጣለሁ፤ መብራት ሲጠፋ ፓምፑ እንዳይቆም ባትሪ አዘጋጅቻለሁ፤ ድንጋይ የሚመስሉ ግን ሕይወት ያላቸውን ኮራሎች እንደ ሕፃን ነው የምጠብቃቸው። ባሌ «ዓሣ እኮ የሚጠበስ ነገር ነው» እያለ ይስቅብኛል። ያኔ ኮራሎቹ መሃል የሚኖረው አንድ ብርቱካናማ ዓሣ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ እናቴ ወንበሯን መስታወቱ ድረስ አስጠግታ አገኘኋት። «ይሄ ብቻውን ምን ይሠራል?» አለችኝ። «ገበያተኛ የሌለው ሱቅ! ከጠዋት ጀምሮ የገባ ሰው የለም።» ስትቀልድ ከሰማኋት ቆይቼ ነበር። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የበራልኝ። የእናቴ ዓይን ዕድሜ ልኩን ግርግር ሲያይ የኖረ ነው፤ እኔ ደግሞ ጸጥ ያለ ግድግዳ ፊት አስቀምጫታለሁ። በመንጋ የሚሄድ፣ ትንሽ፣ አንድ ቦታ የማይቆም፣ ከማንም የማይጣላ፣ ኮራሌንም የማይነካ ዓሣ ብገዛ፣ ምናልባት የምታየው ነገር ቢኖራት ትቀመጥልኛለች ብዬ ተስፋ አደረግሁ።

የጌጥ ዓሣ የሚሸጥ አንድ ሰውዬ አለ፤ ሱቁ መርካቶ፣ ከጨርቃ ጨርቅ ሱቆች በላይ፣ አንድ ሕንጻ ጫፍ ላይ ነው። ብቻዬን ልሄድ ስል «አንቺን ያታልሉሻል» ብላ ከዘራዋን አነሣች። ሊፍቱ ያን ቀን ይሠራ ነበር፤ እሱንም ተጠራጥራው እስክንደርስ ድረስ ክንዴን ጨብጣ ያዘችው።

ሰውዬው ወንበር አቀረበላትና ፊት ለፊት ያለውን ትልቁን ገንዳ አሳየን። ክሮሚስ የሚባሉት ናቸው፤ ከጣት የማይበልጡ፣ አረንጓዴም ሰማያዊም የሚመስሉ። አንዱ ሲዞር ሁሉም አብረው ይዞራሉ።

«እነዚህ ናቸው የሚሆኑልሽ እህቴ» አለኝ። «ሰላማዊ ናቸው፣ ኮራል አይነኩም፣ ቀኑን ሙሉ ሲሯሯጡ ነው የሚውሉት።»

«ለምንድን ነው የሚሯሯጡት?» አለች እናቴ።

«ጤነኛ ስለሆኑ ነዋ እማማ።»

«ርቧቸው ይሆናል።»

ሰውዬው ሳይከፋ ምግብ በተነላቸው። ተሻምተው በሉ። እናቴ ወደ እኔ ዘንበል አለችና «አላልኩሽም? ርቧቸዋል» አለችኝ።

ይህን እያለች ዓይኗ ሌላ ቦታ ነበር። ከባንኮኒው ጀርባ በመጋረጃ የተከለለች ጓዳ አለች፤ መጋረጃው በደንብ ስላልተዘጋ አንዲት ትንሽ ገንዳ ትታያለች። ውስጧ አንድ ደማቅ ሰማያዊ ዓሣ ብቻውን ተቀምጧል።

«ያስ?»

«እሱ አይሸጥም እማማ።»

መርካቶ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ዕቃ የሚያስወድድ ቃል የለም። የእናቴ ፊት ሲለወጥ አየሁት፤ ከወደቀች ወዲህ ያላየሁት ፊት ነው። «ለማን ይዘህለት ነው?» አለችው።

«ለማንም አልያዝኩም። ጠበኛ ስለሆነ ነው ለብቻው ያደረግኩት። ከሌሎቹ ጋር አይስማማም።»

«ጠበኛ!» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ምክንያቱም ጨዋታውን አውቀዋለሁ። ሱቄ ውስጥ ለደንበኛ ያስቀመጥኩትን ጥሩ ፔርሙስ መንገደኛ ገዢ አይቶ ሲጠይቀኝ «እሱ ሙቀት አይዝም» ነው የምለው። ጥሩ ዕቃ ከጓዳ ነው የሚወጣው፤ ይህንን የማያውቅ ነጋዴ የለም። ሰውዬው «ወላሂ እማማ፣ አይሆንላችሁም» ባለ ቁጥር እኛ ይበልጥ አመንን፤ ዓሣውን ማለቴ ነው እንጂ እሱንማ ማን ያምነዋል። በመጨረሻ ደከመው። «ነግሬያችኋለሁ፤ በኋላ በእኔ እንዳታሳብቡ» ብሎ ከትንንሾቹ ጋር እሱንም በላስቲክ አድርጎ ሰጠን። እናቴ እስከ ታች ድረስ ፈገግ እንዳለች ወረደች።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት እንዳሰብኩት ሆኑ። ትንንሾቹ በመንጋ ከጫፍ ጫፍ ይመላለሳሉ፤ እናቴ ቁርሷን እዚያው፣ ምሳዋን እዚያው ሆነ። «ነይ እስቲ እዪ፣ ይሄ ሌላውን ገፍቶ ቀድሞ የሚበላ! እንዲህ ዓይነት ገዢ ነበረኝ» እያለች ትጠራኛለች። ወደ ቤቴ መልሱኝ የሚለው ነገር ጠፋ። ሰማያዊው ድንጋይ ስር ገብቶ አይወጣም። «ጨዋ ነው» ትላለች፤ «ዋጋውን ያውቃል።»

ከዚያ ትንንሾቹ መጉደል ጀመሩ። አንድ ጠዋት አንዱ የለም። ሌላኛው ጅራቱ ተቀዳዷል። ትንሽ ቆይቶ እሱም ጠፋ። የቀሩት ተበታትነው፣ እያንዳንዱ ጥግ ጥጉን ይዞ ቆመ።

ቤቱ የምርመራ ጣቢያ ሆነ። እናቴ መጀመሪያ ሰውዬውን ከሰሰች፤ በሽተኛ ነው የሸጠልን። ቀጥላ የጎረቤት ድመትን፤ ገንዳው ክዳን እንዳለው አሳይቻት እንኳ ክዳኑን ማን እንደሚከፍትላት ጠየቀችኝ። ከዚያ ባሌን፤ «ሳሎን ብቻውን ሲቆይ ምን ይሠራል? ይጠበሳል ሲል አልነበር?» እሱ እየሳቀ እጁን አስሸተታት፤ እሷ ግን አልሳቀችም። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እሷኑ ጠረጠርኳት። ከምሳዋ ፍርፋሪ እየጣለች ውሃውን ታበላሸዋለች ብዬ፣ እንቅልፍ የወሰዳት መስሎኝ ውሃውን ቀድቼ መመርመር ጀመርኩ። ውሃው ምንም አልሆነም። ዞር ስል ዓይኗ ተከፍቷል።

«እኔን ነው?» አለችኝ።

የቀዳሁትን ውሃ ከጀርባዬ ደበቅሁት። «ነገ ወደ ቤቴ መልሱኝ» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። የሠራሁት ሁሉ ገደል ገባ አልኩ።

በማግስቱ ሱቅ አልሄድኩም። ልትሄድ ከሆነ ቀኑን አብሬያት ልዋል ብዬ ነው። እሷ ግን ልብሷን አልሰበሰበችም። ወንበሯን ከገንዳው አዙራ ወደ በሩ ተቀመጠች፤ ኩርፊያ መሰለኝ። በኋላ ነው የገባኝ። መጋዘኗ ውስጥ ሌባ ስትጠብቅ እንዲሁ ታደርግ ነበር፤ ጀርባዋን የሰጠች መስላ በዓይኗ ጫፍ ታያለች።

ረፋዱ ላይ በቀስታ እጇን አወዛወዘችልኝ። ሄጄ አጠገቧ ቆምኩ። ከትንንሾቹ አንዱ ወደ ድንጋዩ ሲጠጋ ሰማያዊው ከስር ተወርውሮ ወጣ፣ ጎኑን ነክሶ አሳደደውና ወደ ቦታው ተመለሰ። ጨዋው የእኛ ዓሣ፣ ከጓዳ ያስወጣነው።

እናቴ ስትራገም እጠብቅ ነበር። እሷ ግን ወንበሯን ወደ ገንዳው መለሰችው። «ነግሮን ነበር» አለች በመጨረሻ።

ድንጋዮቹን አውጥቼ በስንት መከራ ያዝኩትና ወደ ሱቁ መለስነው። ሰውዬው አልሳቀብንም፤ ተቀብሎን ዓሣውን ወደ ጓዳው አስገባ። ከዚያ መረቡን ይዞ በትልቁ ገንዳ አጠገብ ቆመ። በጠፉት ፋንታ ሌሎች እንደምንወስድ ነግሬዋለሁ።

«ይምረጡ እማማ፣ የትኞቹን ላውጣልዎ?»

እናቴ ገንዳውን አየችው። ዓሣዎቹ ሲሄዱ፣ ሲመለሱ በዓይኗ ተከተለቻቸው። እኔ ሙግቱን እየጠበቅሁ ነበር፤ ያን ከጥግ፣ ይሄን ከኋላ፣ እስቲ ሲበላ አሳየኝ።

«አንተው ምረጥልኝ» አለችው።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ እኔ ግን ፈራሁ። ይህቺ ሴት ማንም መርጦላት አያውቅም፤ እህልም፣ ሐኪምም፣ ባልም። አሟት ይሆን ብዬ ግንባሯን ነካሁት፤ አይሞቅም። ሰውዬው መረቡን ሲሰድ እሷ የምታየው የከዘራዋን ጫፍ ነው። እኔ መረቡን በሁለታችን ፋንታ ተከታተልኩ፤ ሰውዬው ጥሩ ጥሩውን ነበር የሚያወጣው።

ታክሲ ውስጥ ላስቲኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። እንድትቆጣኝ ፈልጌ፣ እንደ ድሮዋ እንድትጮህብኝ ፈልጌ፣ «ወደ ቤትሽ ልውሰድሽ እንዴ? ትናንት ብለሽኝ ነበር» አልኳት።

«አንቺ እንዳልሽ» አለችኝ።

ሾፌሩን ወደ አማኑኤል፣ ወደ እኔ ቤት ንዳ አልኩት። ስንት ወር «እኔ ጋ ቅሪልኝ» እያልኩ ስለምናት የቆየሁትን ነገር ሰጠችኝ፤ እኔም ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ እንዳትሰማኝ አድርጌ አለቀስኩ።