ባዶ መቆየት የነበረበት ሳሎን

አርብ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ በስደት በምንኖርበት ከተማ፣ ሚድ ዊልሻየር ሰፈር አንድ አፓርታማ ውስጥ መሰላል ላይ ቆሜ መጋረጃ ስሰቅል ስልኬ ጠራ።

ሥራዬ የቤት ውስጥ ዲዛይን ነው። የቤቱ ባለቤት የሐበሻ ሱቆች በተደረደሩበት ፌርፋክስ መንገድ ላይ የባልትና ሱቅ ያላቸው ሴት ናቸው፤ እትዬ ነው የምላቸው። እናታቸው ከደሴ በቪዲዮ ባዩአቸው ቁጥር «ቤትሽ መጋዘን ይመስላል» እያሉ ስላስቸገሯቸው ሳሎኑን እንዳሳምርላቸው ቀጠሩኝ። አሮጌው ዕቃ ወጥቷል። አዲሱ ሶፋ በዚያው ቀን አስር ሰዓት ላይ ሊመጣ ነበር።

የደወሉልኝ የእትዬ ወንድም ናቸው።

«አጠገብሽ ናት?»

«አዎ ጋሼ።»

«እንግዲያው ኦኬ ብቻ እያልሽ ስሚኝ። እናታችን ዛሬ አርፋለች። እህቴ ገና አልሰማችም። ነገ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌ ይዘን መጥተን እናረዳታለን። ሶ፣ ሶፋውን ካንስል አድርጊልኝ። ያን ግንድ የሚያህል ነገር ገትረን ለቅሶ ደራሹ የት ይቀመጣል? ወንበር እኛ እናመጣለን።»

«ኦኬ።»

«ፊትሽን ደግሞ አደራ!»

አደራው ልክ ነበር። ደንበኛ የመረጠውን ቀለም ካልወደድኩት አፌን ሳልከፍት የሚታወቅብኝ ሰው ነኝ። መርዶ ደግሞ በማለዳ፣ በዘመድ አፍ፣ ደግፎ የሚይዝ ሰው ባለበት ነው የሚነገረው። እትዬ ከእኔ ፊት ላይ ቢያነቡትስ? ወንበር እንኳ በሌለበት ቤት፣ ከባዕድ ልጅ?

«ማነው?» አሉ እትዬ ከታች።

«ሶፋ ቤቶቹ ናቸው። ዛሬ አይመጣም።»

«ለምን ሲባል?»

ግድግዳ ደጋግሜ ካልለካሁ እንቅልፍ የማይወስደኝ እኔ፣ «ልኩን ተሳስቼ አዝዤ ነው። በበሩ አይገባም» አልኩ።

እትዬ ወገባቸውን ይዘው ሳቁ። የቁጣ ሳቅ ነው።

«ለዚህ ነው ዩኒቨርሲቲ የተቀመጥሽው? በሩ እኮ ከጀርባሽ ነው፣ ዞር ብለሽ አታይውም?»

«ይቅርታ እትዬ።»

«እንግዳ ሲመጣ ይቅርታሽ ላይ ላስቀምጠው?»

መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃውን ከፈትኩና ሶፋውን የእውነት ሰረዝኩ። ስወጣ እትዬ ስልካቸውን ይዘው መጋረጃውን ፎቶ ያነሳሉ።

«እዚያ አሁን ሌሊት ነው፤ ተኝታለች። ነገ ጠዋት ደውዬ አሳያታለሁ። መጋዘን ስትል እናያለን!»

ተመልሼ መሰላሉ ላይ ወጣሁ። መጋረጃው ቀጥ ብሎ ተሰቅሏል። እኔ ግን «ዘሟል» ብዬ አወረድኩት፤ መልሼ ሰቀልኩት፤ ደግሞ አወረድኩት። እዚያ ላይ እስካለሁ ድረስ ጀርባዬን እንጂ ፊቴን አያዩም። ስልካቸው ጪው ባለ ቁጥር ግን በትከሻዬ አሻግሬ አያለሁ። አንድ ሰው ቸኩሎ «አላህ ያጥናችሁ» ብሎ ቢጽፍ ሁሉም አለቀ። አንዴ የተላከላቸውን ደጋግመው አነበቡት። የያዝኩትን የጨርቅ ጫፍ ጨምድጄ ጠበቅሁ።

«በርበሬ ጨምሯል ይሉኛል» አሉ በመጨረሻ። «እናንተ ልጆች ግን ምን ሆናችኋል? ጠዋትም ወንድሜን ባናግረው ድምፁ ልክ አልነበረም።»

መጋረጃውን እንደገና አወረድኩት። ዓይን አፋርነቴን ስለሚያውቁ ዝምታዬ አላስገረማቸውም፤ በሕይወቴ ዓይን አፋርነት የጠቀመኝ ያን ቀን ብቻ ሳይሆን አይቀርም። አመሻሽ ላይ ወንድማቸው «ሻይ አፍይልኝ» እያሉ፣ ከወትሮው ጮክ ብለው ገቡ። መሰላሌን አጥፌ ወጣሁ።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ከምኖርበት ከፓልምስ ሰፈር መኪናዬን ነድቼ ተመልሼ ሄድኩ። ማንም አልጠራኝም። ከሽማግሌዎቹ ኋላ ቆምኩ። እትዬ በሩን ከፍተው ያን ሁሉ ሰው ሲያዩ የሚናገር አላስፈለገም። አንዱ ሽማግሌ «ኢና ሊላሂ» ብለው ሳይጨርሱ ጩኸታቸው ኮሪደሩን ሞላው። ሴቶቹ ደግፈው አስገቧቸው፤ ባዶው ሳሎን መሐል ፍራሽ ተነጠፈ።

ብዙ ካለቀሱ በኋላ ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ።

«ትናንት ታውቂ ነበር?»

«አዎ እትዬ።»

ቆይተው ቆይተው አዩኝ። ፊቴን ላዞር ፈለግሁ፤ አላዞርኩም። ከዚያ በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ሴቶቹ ቆመዋል» አሉ። «አስቀምጫቸው እንጂ።»

ወንድማቸው ያመጧቸውን ተጣጣፊ ወንበሮች ዘረጋሁ። ሴቶቹን ከፍራሹ አጠገብ፣ ሽማግሌዎቹን ከመስኮቱ ሥር አስቀመጥኩ፤ ለሚገባና ለሚወጣ በመሐል መንገድ ተውኩ። ወንበሩ ሲያልቅ ከሐበሻ ሱቆቹ ሌላ ለማምጣት ወደ ፌርፋክስ ነዳሁ።