ከስተሽ አምሮብሻል

ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ ቀሚሱን ገልብጣ ጉልበቷ ላይ ትዘረጋለች። በምላጩ ጫፍ የጎኑን ስፌት ትተረትራለች፤ ጨርቁን ሳትነካ፣ ክሩን ብቻ። ብጥስጣሹን በጣቷ ትለቅማለች፣ በጠመኔ አዲስ መስመር ታሰምራለች፣ በስፒል ትይዛለች። ከዚያ ወደ ስፌት መኪናዋ። ዛሬ ግን ሁለት ጊዜ ተነሥታ በሩን አየች፤ ጥቁሩን ቀሚስ በሰማያዊ ክር ሰፍታም እንደገና ተረተረችው።

እጇን ያሳሳታት የቀሚሱ ባለቤት ናት፤ ታናሽ እህቷ። ያው ቀሚስ ሲጠብ ይኼ ሦስተኛ ጊዜው ነው።

ልብስ ሰፊዋ የሰፈሩን አመጋገብ የምታውቀው በሜትር ነው። ዳቦ ጠላት የሆነ ሰሞን ሱሪ ማጥበብ ይበዛል፤ ሰሞኑ ሲያልፍ ያው ሱሪ ሊሰፋ ይመለሳል። ስለዚህ ትርፉን ጨርቅ አትቆርጥም፣ አጥፋ ከውስጥ ትተወዋለች። ሙያውን ስትማር «ወፈርሽ» ምርቃት ነበር፤ «ምነው ከሳሽ?» ደግሞ የበሽተኛ መጠየቂያ። አሁን ተገላብጧል። አንዷን ደንበኛ «ወፈር ብለሻል» ብትላት፣ ሴትዮዋ እስከ ዛሬ በሌላ መንገድ ትዞራለች።

እህቷ ግን ለማስፋት ተመልሳ አታውቅም። ዳቦ ተወች፣ ዘይት ተወች፣ ቀጥላ እራት። ሐኪም ጋ እንሂድ ስትባልም «ምን ሆኜ?» ትላለች።

ከሰዓት ላይ መጣች።

«እትዬ፣ ትርፉን ቁረጪው። ወደ ኋላ አልመለስም።»

«አልቆርጥም! የቀረሽ አየር ነው፤ እሱንም መዝነሽ ልትተነፍሺ ነው?»

«ደግሞ ጀመረሽ!» ብላ ሳቀች። ከወንበሩ ስትነሣ ግን ግድግዳውን ያዘች።

«አዞረሽ?»

«ትንሽ።»

«በይ እንኪ፣ ቅመሺ። በሞቴ!»

እምቢ ማለት አቃታት። እህቷ በሳህን ካቀረበችላት ዳቦ ቆርሳ ወደ አፏ አስጠጋች።

ይኼኔ የጎረቤቱ ጫማ ቤት ባለቤት ብቅ አለች። «ውይ፣ አንቺ ነሽ እንዴ? ከስተሽ እንዴት አምሮብሻል!»

የታናሿ ፊት በራ። ቁራሿን ሳህኑ ላይ መልሳ መስታወቱ ፊት ቆመች።

ጎረቤቷ ክፉ አላሰበችም፤ ልብስ ሰፊዋም አልተቆጣቻትም። ከዚያ ወዲህ ግን አርፋ መቀመጥ አልቻለችም። ይኼን እንደምጽፍ ስትሰማ መቀሷን አስቀምጣ አንድ ነገር አደራ አለችኝ፦

«ለሚያነቡት ንገሪልኝ። እህቴን ባያውቋትም የምትከሳ ሴት አያጡም። ‹አምሮብሻል› ብለው አይለፏት። ቁጭ ብለው አብረዋት ይብሉ። እኔን እህቷ ስለሆንኩ አትሰማኝም።»