ወደ ኋላ የሄደው ትራክተር

ባለፈው እሁድ ለቡ የምትኖረው የእህቴ ልጅ ስልኳን አፍንጫዬ ስር ደቅና የሦስት ደቂቃ ፊልም አሳየችኝ። ታሪክ የለው፣ ተዋናይ የለው፤ የውሃ ጠብታና የበር ጥላ ብቻ። «አጎቴ፣ እንዲህ ዓይነት የሙከራ ፊልም እኮ እንደ ልብ አይገኝም» አለችኝ። እንዲህ ያለውን በደርግ ጊዜ፣ ብስራተ ገብርኤል አካባቢ፣ ያውም በቀበሌ አዳራሽ አይቻለሁ ብላት ከቀልዴ ትቆጥረዋለች ብዬ ስልኳን መለስኩላት።

ጌታሁን ጎረቤቴ ነበር፤ የቀበሌውን የፊልም ማሽን የሚያንቀሳቅስ ዝምተኛ ልጅ። የእርሻና የሰልፍ ፊልሞች ሲበጠሱ ቁርጥራጩን ይሰበስባል። እሱን ዓመት ሙሉ እያጣበቀ፣ በመርፌ እየፋቀ የአራት ደቂቃ ፊልም ሠራ። ሌላ ቅጂ አልነበረውም።

ሐምሌ ነበር። የሰፈራችን ጭቃ በሬ ከነቀንበሩ ይውጣል። የተጠበሰ በቆሎ እየጋጥን ለሳምንቱ ውይይት አዳራሽ ገባን። ጌታሁን መብራቱን አጠፋ፣ ማሽኑ ተንጫጫ። ትራክተር ወደ ኋላ ሄደ፤ ያረሰው መሬት ተመልሶ ሣር ሆነ። በመርፌ የተፋቀው እንደ ብርሃን ዝናብ ወረደ። አንዲት ሴት ተዘቅዝቃ ሳቀች። በቃ፣ አለቀ። በቆሎው አፌ ውስጥ እንዳለ ማኘክ ረስቼ ነበር። እኔ ደግሞ ቤት ቢቃጠል መብላት የማላቆም ሰው ነኝ።

በዚያ ዘመን የታየ ነገር ሁሉ ትርጉሙ ሳይነገር ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም።

«ጓድ ጌታሁን፣ የፊልሙ መልእክት ምንድን ነው?» አሉ ሰብሳቢው።

«መልእክት የለውም ጓድ። ዝም ብሎ ለማየት ነው።»

«መልእክት የሌለው ነገር ለሰፊው ሕዝብ አይታይም!»

ጌታሁን ላብ አጠመቀው። ሰው ከሳቀ የሚተርፍ መሰለኝና እጄን አወጣሁ።

«ለእኔ ግልጽ ነው፣ ጓድ ሰብሳቢ። እኛ ‹ወደፊት!› እያልን ስንጮህ፣ ትራክተሩ የምንደርስበትን ቀድሞ አይቶ እየተመለሰ ነው!»

አዳራሹ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። ሰብሳቢው አልሳቁም፤ ጻፉ።

በማግስቱ ጌታሁንን ወሰዱት። ፊልሙን ከአዳራሹ ጓሮ አቃጠሉት። እኔንማ «እሱ ቀልደኛ ነው» ብለው ተዉኝ።

ከስምንት ወር በኋላ ሲፈታ ልጠይቀው ሄድኩ። አልወቀሰኝም።

«ፊልሙን ግን ወደድከው?» አለኝ። የምሩን ነበር።

«ትራክተሩ ጎበዝ ተዋናይ ነው» አልኩት።

ፈገግ አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ዛሬ ላፍቶ ሰፈር ውስጥ ሬዲዮ ይጠግናል። ያንን ፊልም የሚያስታውስ ከእኔና ከእሱ ሌላ የቀረ አይመስለኝም። ባለፈው ሳምንት ለቅሶ ቤት ጎን ለጎን ተቀመጥን። «ወድጄው ነበር» ልለው አፌን ከፈትኩ። የወጣው ቀልድ ነው። ድንኳኑ ሙሉ ሳቀ፤ እሱም አብሮ ሳቀ።