«ተጫውተናል» እያልኩ የዋሸሁባቸው ወራት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ ስካሬንም፣ ቁጣዬንም፣ ጾም መሻሬንም አራግፌያለሁ፤ ይችን ግን ሁልጊዜ ከምላሴ ሥር ደብቄ ተመልሻለሁ። ዛሬ ለአንተ ለማታውቀኝ አንባቢ ልናገራት። እንደ ቄስ ስማኝ፤ «እግዜር ይፍታህ» ለማለት ግን አትቸኩል።

አስቀድሜ ማን እንደነበርኩ ልንገርህ፤ ያለዚያ ጥፋቴን በልኩ አታየውም። እኔ የተማሪ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጬ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት ከሱቅ ሰሌዳ ላይ ነው። እንግሊዝኛውን ሽፋኑ ከወለቀ መዝገበ ቃላት ቃረምኩ። ሬዲዮና ቴሌቪዥን መጠገንን ማንም ሳያሳየኝ፣ እየፈታሁና እየገጠምኩ ተማርኩ። ሌላው ባለሙያ «አበቃለት፣ ጣሉት» ያለውን ቴሌቪዥን እኔ ሳናግረው ያላየ የካዛንቺስ ሰው የለም። «ኢንጅነር መንገሻ» ነበር የምባለው። ዲግሪ ያላቸው ሰዎች ቆመው ሲጠይቁኝ እኔ ተቀምጬ እመልስ ነበር። ይህን ስናገር አላፍርም፤ እውነት ነው። የማፍርበት ሌላ ነው።

ልጄ ሰናይት ብሌንን የወለደችው ሞባይል ስልክ ገና ወደ ሰፈራችን መግባት በጀመረበት ሰሞን ነው። ባለቤቴ ቀደም ብላ አርፋለች። የሰናይት ባል የጅቡቲ መስመር ሾፌር ስለሆነ ቤት የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው። የወሊድ ፈቃዷ ሲያልቅ ወሎ ሰፈር ወዳለው ካፌ፣ ወደ ገንዘብ ተቀባይነቷ መመለስ ነበረባት። «ሠራተኛ እንፈልግ» ስትል «እኔ እያለሁ?» አልኳት። ሱቄ ከቤታችን በር ላይ ናት። ማንም አላስገደደኝም፤ እኔ ነኝ ልያዛት ያልኩት።

ሥራ ከመጀመሯ በፊት ሕፃኗን አስከትባ ስትመለስ ፊቷ በርቶ ነበር። ነርሷ እናቶቹን ሰብስባ ያስተማረቻቸውን ልትነግረኝ ቸኮለች።

«አባዬ፣ ስማኝማ! የልጅ አእምሮ የሚያድገው በጨዋታ ነው አለችን። ገንዘብ አያስወጣም እኮ። ባዶ የውኃ ላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ሽምብራ ትጨምርና ክዳኑን ጥብቅ አድርገህ ታንኳኳላታለህ። በካልሲ ኳስ ትሠራላታለህ። ፊትህን በነጠላ ሸፍነህ ‹ኩኩሉ› ትላትና ብቅ ትላለህ። የምትሠራውን ሁሉ ትነግራታለህ፤ ድምፅ ስታወጣ ትመልስላታለህ። በቃ፣ ይኸው ነው።»

«እኔ ኢንጅነሩ ኩኩሉ ልበል?»

«ለደንበኞችህ ኢንጅነር ሁን፤ ለእሷ አያት ነህ» አለችና ሳቀች። ላስቲኩን ራሷ ሽምብራ ሞልታ ጠረጴዛዬ ላይ አቆመችልኝ።

አንድ ቀን ሞከርኩ። አንድ ቀን ብቻ። ነጠላውን ፊቴ ላይ ጥዬ «ኩኩሉ» ስል ከጎናችን ልኳንዳ ቤት ያለው ተካ በር ላይ ቆሞ ኖሯል።

«ኧረ ኢንጅነር! ሞግዚት ሆንክ እንዴ? ለእኔም ልጆች ብቅ በልላቸው እንጂ!»

ሥጋ ሊገዙ የቆሙት ሁሉ ሳቁ። ክፋት አልነበረበትም፤ ሰፈሩ እንዲህ ነው የሚጫወተው። እኔ ግን ነጠላውን አጣጥፌ አስቀመጥኩ፤ ላስቲኩንም ከመደርደሪያው ኋላ ወረወርኩት። ያን ቀን በሰው ፊት ማነስ ከሕፃን ፊት መጥፋት በለጠብኝ። ይኼ ነው እንግዲህ የእኔ ዕውቀት?

ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረግኩ ልናገር። እኔ፣ በገዛ እጄ፣ ብሌንን በትልቅ የቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ ብርድ ልብስ አንጥፌ አስተኛኋት። ካርቶኑን ከጠረጴዛዬ ሥር አስገባሁት። ጡጦዋን በሰዓቱ እሰጣለሁ፣ ሽንት ጨርቋን እቀይራለሁ፤ ከዚያ ወደ ሥራዬ። ከካርቶኑ ግድግዳ ሌላ የምታየው ነገር አልነበራትም። መጀመሪያ ትጠራኝ ነበር። «አ...ግ» ትላለች፣ ትጠብቃለች፤ ደግማ ትላለች። እኔ የምጠግነውን ሬዲዮ ድምፅ ከፍ አደርጋለሁ። ሰማህ? ልጅ ስትጠራኝ ድምፅ ከፍ አደረግሁ። ከጊዜ በኋላ መጥራቱን ተወችው። ደንበኞች ጎንበስ ብለው ያዩዋትና «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት!» ይሉኛል። በእኛ አገር ዝም ያለ ልጅ ጨዋ ነው። እኔም ደረቴን ነፍቼ «አያቷን ወጥታ ነው» እል ነበር።

ማታ ማታ ሰናይት ጫማዋን ሳታወልቅ ትጠይቀኛለች። «አባዬ፣ ተጫወታችሁ?»

«ተጫውተናል።»

በዚህ ብቆም እኮ ምናለ? እኔ ግን ካወራሁ ማሳመር አለብኝ። «ዛሬ ነጠላውን ራሷ ከፊቴ ላይ ሳበችው» አልኩ። «ኳሷን ወደ እኔ መለሰችልኝ» አልኩ። ልጄ እየሳቀች ለባሏ በስልክ ታወራለታለች፤ እኔም የፈጠርኩትን ከእሷ አፍ ስሰማ የሆነ ይመስለኝ ነበር። ለነገሩ ሰናይት ራሷ በዓይኗ ያላየች ይመስልሃል? እሁድ እሁድ ስታጫውታት ብሌን ፊቷን አታዞርም። «ከእኔ ጋር ለምን እምቢ አለች?» ስትል «አልለመደችሽም፣ እኔን ነው የለመደችው» ብዬ ቆስላ እንድታድር አደረግኳት።

እኩዮቿ እየዳሁ ሰፈሩን ሲያምሱት ብሌን ተደግፋ እንኳ ደህና አድርጋ አትቀመጥም ነበር። ስሟ ሲጠራ አትዞርም። ሰናይት ሐኪም ጋ ይዛት ስትሄድ እኔም ኮቴን ለብሼ፣ ክራቫቴን አስሬ ተከተልኩ።

«ቀን ማን ነው የሚውልላት?» አለ ሐኪሙ።

«እኔ ነኝ።»

«ያናግሯታል? ያጫውቷታል፣ አባት?»

እነሆ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶልኝ ነበር። አንድ ቃል ብቻ ይበቃኝ ነበር። እኔ ግን «በየቀኑ ነዋ፣ ዶክተር! በዘዴ!» ብዬ ላስቲኩን፣ ኳሱን፣ ነጠላውን ዘረዘርኩለት። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀና ወደ ሰናይት ዞረ። «ይህ ሁሉ እየተደረገላት ካልመለሰች ሌላ ምክንያት መፈለግ አለብን» አለ። በእርግዝናዋ ጊዜ የወሰደችው መድኃኒት እንዳለ ጠየቃት።

ታክሲ ውስጥ ልጄ ልጇን አቅፋ አለቀሰች። «ያ የራስ ምታት ኪኒን ነው፣ አባዬ። እርጉዝ መሆኔን ሳላውቅ የወሰድኩት። እኔ ነኝ ያጠፋኋት። ሆዴ ውስጥ እያለች ነው ያጠፋኋት።»

እኔ አጠገቧ ተቀምጫለሁ። ምን አልኩ? «አይዞሽ፣ እግዚአብሔር ያውቃል» አልኩ። አዎ፣ ያውቅ ነበር። እኔም አውቅ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ጎሕ ሲቀድ ቂርቆስ ጠበል ይዛት መሄድ ጀመረች። ቀዝቃዛው ውኃ ሲያርፍባት ብሌን ትጮሃለች፤ እናቲቱ «ሕፃኑ ቂርቆስ፣ በእኔ ኃጢአት ልጄን አትያዛት» ትላለች። እኔ ፎጣ ይዤ ከኋላ እቆማለሁ። የእሷ ኃጢአት! ፎጣውን አቀበልኳት እንጂ የእኔ ነው አላልኩም። ለምን? ልጄ እንዳትጠላኝ ፈርቼ ነው? ወይስ «ኢንጅነር» የሚለው ስም እንዳይረክስ? እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ፤ የማገኘውም መልስ ሁለተኛው ነው።

በዚያው ሳምንት የሱቁን በር ዘግቼ ካርቶኑን ቀዳደድኩት። ብሌንን ጭኔ ላይ አድርጌ ላስቲኩን አንኳኳሁ። ዓይኗ ግድግዳው ላይ ነበር። ቦታ ቀይሬ አንኳኳሁ፤ አሁንም ግድግዳው ላይ። እኔ የማላውቀው የሬዲዮ ብልሽት የለም፤ ይህን ግን በምን ከፍቼ ልየው? ቀናት አለፉ። ሐኪሙ ያዘዘው የጆሮ ምርመራ «ደህና ናት» ብሎ ሲመጣ ሰናይት በደስታ እልል አለች። እኔ ግን አብሬያት አልተደሰትኩም፤ ጥፋቱ ከጆሮዋ ካልሆነ ከማን ነው?

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ነጠላውን ከፊቴ ስገልጥ ብሌን ዓይኔን አየችኝ። ትንሽ ቆየችና «አ...ግ» አለች። ወራት ሙሉ ያልሰማሁት ድምፅ ነው። «አ...ግ» ብዬ መለስኩላት፤ እየተንሰቀሰቅሁ መለስኩላት። በሩን ከፈትኩት። ተካ አይቶኝ «ኢንጅነር፣ ደግሞ ጀመረህ?» ሲል «ገና ምን አይተህ!» አልኩት።

ስሟ ሲጠራ መዞር በጀመረች ጊዜ እናቷ ልጄ ዳነችልኝ ብላ ያመሰገነችው ማንን ይመስልሃል? ጠበሉንና እኔን። «አባዬ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ሳትሰለች ስላጫወትካት ነው» ብላ ጉልበቴን ሳመችኝ። እኔም ምስጋናውን ተቀበልኩ። ብሌን ዛሬ ትልቅ ልጅ ናት፤ ስቃ የምታስቅ። ንባብ ከእኩዮቿ ዘግይታ ያዘች፤ ደብተሯ ላይ አቀርቅራ ስትቆዝም ባየሁ ቁጥር ከዚያ ካርቶን ይሆን ወይስ ከተፈጥሮዋ እያልኩ አስባለሁ። ማንም ሊነግረኝ አይችልም።

የሰናይት ባል «ለብሌን ወንድም እንስጣት» ብሎ በለመናት ጊዜ ግን የእሷን መልስ ከመጋረጃ ወዲህ ሆኜ ሰምቻለሁ። «አንዷን በሆዴ ጎዳሁ። ሁለተኛ አልደፍርም።» ደጋግሞ ለመናት፤ ዓመታት አለፉ፤ መለመኑን ተወ።

ይቅርታ አልለምንህም። «ያልተማረ ሰው ነው» ብለህም አታቅልልኝ፤ ሲነገረኝ ገብቶኝ ነበር። የሠራሁትን ብቻ ልቁጠርልህ። በአሮጌ ካልሲ ኳስ ሠርቻለሁ። የሻይ ብርጭቆና ማንኪያ ስማቸውን አስተምሬያለሁ። የጣሳ ክዳን ከጣሳ ላይ መግጠም አሳይቻለሁ። ሱቄ ደጃፍ ላይ ያለ ድጋፍ በቆመች ቀን «ወፌ ቆመች!» ብዬ ልኳንዳ ቤቱን በሙሉ አስጨብጭቤያለሁ። አሥር ጣቶቿን አስቆጥሬያታለሁ። ስሟን መጻፍ አስተምሬያታለሁ። ልጄም ሁለተኛ ልጅ እንዳትወልድ ያደረግሁት እኔ ነኝ።