ለእናቴ የተተወላት ሰማይ

ልጅ እያለሁ ቆቦ ላይ ሰማዩ ሳይደፈርስ ጎርፍ ይመጣ ነበር። ዝናቡ የሚጥለው ደጋው ላይ ነው፤ እኛ ቆላዎቹ አስቀድመን በጠረግነው ቦይ ጠልፈን ማሽላችንን እናጠጣለን። ሽታው ከጎርፉ ቀድሞ ይደርሳል፤ የእርጥብ አፈርና የበሰበሰ ቅጠል ሽታ። የእኔ ዘመን ሰው ያን አይረሳውም። የዛሬ ልጅ ምን ያውቃል፣ ውሃ ከቧንቧ የሚፈጠር ነው የሚመስለው።

ደንቡ የታወቀ ነው። የላይኛው ማሳ ሲጠግብ ለታችኛው ይለቀቃል። ይህን ተራ የሚያስከብረው የውሃ አባት ይባላል። የእኛ የውሃ አባት አያ ደምሴ ነበር፤ ማኅበር ላይ ከፊት የሚቀመጥ፣ «ዓለም አላፊ ነው» ሳይል ጠላ የማይቀምስ ሰው። የእሱ ማሳ ከሁሉ በላይ፣ የእኛ ከሁሉ በታች። አባቴ ሞቷል። ያን ዓመት አንድ ጎርፍ ካላገኘን የምንበላው የለንም።

ጎርፉ መጣ። የአያ ደምሴ ማሳ ጠግቦ ውሃው እንደ ኩሬ ተኛ፤ እሱ ግን አይለቅም። እናቴ አካፋ አሸክማኝ ሄደች።

«አያ ደምሴ፣ ማሽላዬ እኮ ሊሞትብኝ ነው።»

«እታለም፣ ስለዚህ ዓለም ምን ያስጨንቅሻል። የድሃ ድርሻው በሰማይ ነው።»

«እሱንስ አምናለሁ። አንተ ነህ የማታምን። ብታምን ኖሮ ውሃ ላይ እንዲህ ባልተኛህ።»

ሰውዬው ሳቀ። ሲመሻሽ የተረፈችውን ለቀቀ። ከእሱ ቀጥሎ የነበረው ጎረቤታችን ሰይድ የራሱ ማሳ ግማሹ እንኳ ሳይርስ ግድቡን በአካፋ ናደው። «ለእናንተም ትድረስ፣ አላህ ሌላ ያመጣል» አለ። በዚያች ውሃ ከረምን።

በዓመቱ አያ ደምሴን ወባ ጣለው። እናቴ ከዚያችው ማሽላ አጥሚት ሠርታ ልትወስድለት ተነሳች። እኔ ተንጨረጨርሁ። «ለዚህ ሰውዬ?» ስላት፣ «እዚያ ሰማይ ቤት ስንገናኝ ዓይኔን መስበር አልፈልግም» አለችኝ። ዋጃ ገበያ ስለምታገኘው ሰው የምታወራ ነበር የሚመስለው።

ዛሬ ሰማይ የድምፅ ማጉያ ሲሳይ ሆኗል። ሰባኪው ሮቢት ላይ ሲጮህ ጎብዬ ይሰማል፤ ስለ ገነት አልቅሶ ያስለቅስና ሲወርድ የጎረቤቱን ድንበር ይገፋል። ጎረምሳው መልአክ በስልኩ ይለጥፋል፤ የመስኖው ጉድጓድ ጋ ተራህን ጠብቅ ቢሉት ዱላ ያነሳል። ሁሉም የአያ ደምሴ ዘር ነው። እናቴን የመሰለ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ።

የአያ ደምሴን መቃብር ልጆቹ እብነ በረድ አልብሰውታል። ገነት ገብቷል የሚል ጽፈውበታል አሉ። ፊደል ብዙ ባልቆጥርም ያቺን ያህል ማንበብ አያቅተኝም ነበር፤ ግን አላነብለትም። የእናቴ መቃብር ድንጋይ ብቻ ነው። እሷ ግን እዚያ ገነት ስለመሆኗ አልጠራጠርም። የሚያንገበግበኝ፣ ያ ሰውዬ ተሳስቶ እንኳ ከደጁ ቢደርስ፣ ተነስታ «ግባ» የምትለው እሷ መሆኗ ነው።