ልጄ ያነሣችው ዕጣ

በ2016 ዓ.ም. መስከረም ላይ ነበር። ክረምቱ ገና ጨርሶ አልወጣም፤ ከተማችን ንፋስ መውጫ በጭቃና በእርጥብ ገብስ ሽታ ተሞልታ ነበር። ዛሬም ከዝናብ በኋላ ፀሐይ ወጥታ ማሳው ሲሸተኝ ያ መስከረም ይመጣብኛል።

ልጄ ሦስተኛ ክፍልን ጨርሳ አራተኛ ልትገባ ነበር። እስከዚያ የተማረችው በመንግሥት ትምህርት ቤት ነው፤ በአንድ ወንበር አራት እየሆኑ። የግሉ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ደብተሯን አገላብጦ አየና፣ «አንድ ቦታ ቀርቶኛል፤ እስከ ሰኞ እይዝላችኋለሁ» አለኝ።

እኔ ፈለግሁት። አባቷ ግን አልፈለገም። ለክፍያው ካሉን ሁለት ላሞች አንዷ መሸጥ ነበረባት።

«ምነው፣ በሬዎቼን በእንግሊዝኛ ልትነዳልኝ ነው?» ይላል እየሳቀ።

«ዶክተር ስትሆን ትስቃለህ» እለዋለሁ።

ሳቁ ሲያልቅ ሁለታችንም እንኳረፍ ነበር።

ወደ ንስሐ አባታችን ሄድን። «ከምትጣሉ ዕጣ ጣሉ» አሉን። በሁለት ብጣሽ ወረቀት አንዱን «የመንግሥት»፣ ሌላውን «የግል» ብለው ጻፉ፤ እኩል ጠቅልለው ከእመቤታችን ሥዕል ሥር አኖሯቸው። ሦስት ቀን ጸለይን። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባ፣ «ንጹሕ እጅ ያንሣው» አሉ። ንጹሕ እጅ ማለት የሕፃን እጅ ነው። የሌላ ሰው ልጅ መጥራት ይቻል ነበር። እኔ ግን፣ «ለራሷ ነው፤ እሷው ታንሣው» አልኩ።

ነጠላዋን አስተካክላ፣ ዓይኗን ጨፍና አነሣች። አባ ገልጠው አነበቡት። የመንግሥት።

«አባ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ብንደግመው?» አልኳቸው።

«እግዚአብሔርን ሁለት ጊዜ ልትጠይቂው ነው፣ ልጄ?»

አፈርኩ። «ተመስገን» ብዬ ወጣሁ። ሰኞ ቦታውን ለቀቅን፤ ጎረቤታችን ልጇን አስገባችበት።

የመንግሥቱ ትምህርት ቤት በዚያ ዓመት አልተከፈተም። በአገሩ ሰላም ጠፋ፤ መምህራኑ አንድ በአንድ ሄዱ። በሚቀጥለውም ዓመት አልተከፈተም። የግሉ አንድ ሳምንት እየተዘጋ፣ አንድ ሳምንት እየተከፈተም ቢሆን ያስተምር ነበር። ሄጄ ለመንኩ፤ ሞልቷል አሉኝ። ጠዋት ጠዋት የጎረቤታችን ልጅ ቦርሳዋን አንግታ በደጃችን ስታልፍ፣ የእኔዋ ወደ ጓሮ ትገባለች።

በሁለተኛው ዓመት አንድ ቀን፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ከልጄ ጋር ምስር እየለቀምን ነበር። ቀና ሳትል፣

«እማዬ፣ ያንን ወረቀት ያነሣሁት እኔ ነኝ አይደል?» አለችኝ።

«እግዚአብሔር ነው ያነሣው።»

«እጁ ግን የኔ ነበር።»

አምላኬን እንዳልከስ አምላኬ ነው፤ እሷን እንዳልከስ ልጄ ናት። «እኔ ነኝ አንሺ ያልኩሽ» ማለት የነበረብኝ ያን ጊዜ ነበር። አላልኩም። ከምስሩ ጠጠር የምፈልግ መስዬ አቀረቀርኩ።

ዛሬም ጤነኛ ናት፤ ስለዚህ እግዚአብሔርን አመሰግነዋለሁ። የሰፈር ሴቶች ዕቁብ ሲያወጡ ግን «ነይ አንቺ አንሺልን» ሲሏት እጇን ከነጠላዋ ሥር ትከታለች። እነሱ ዓይን አፋር ናት ብለው ይስቃሉ።

ያን ምስር በለቀምን ማግስት ጠዋት ከጎረቤታችን የአራተኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፍ ተውሼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። እኔም የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ነው። መደመሩንና ማባዛቱን አብረን ሠራን። ደስ ብሏት በጣቷ እየቆጠረች ትቀድመኝ ነበር። ከዚያ የማላውቀው ገጽ መጣ። አንዴ አነበብኩት፤ ደግሜ አነበብኩት። እሷ እርሳሷን ይዛ ዓይን ዓይኔን ታያለች።

«ለዛሬ ይበቃናል» አልኳትና መጽሐፉን ከደንኩት።