ላባ ፍለጋ የወጣሁበት ታንኳ

ይህ የደረሰብኝ በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ ባሕር ዳር በገባን በመጀመሪያው ዓመት ነው። ዛሬ የልጅ ልጅ አይቻለሁ፤ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ያቺን ቀን ግን ዓይኔን ስከድን ውሃው አሁንም ከሥሬ ይወዛወዛል። የሰማኝ ሁሉ ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ መጨረሻው ላይ ስደርስ ግን ሳቄ ይጠፋል።

ባለቤቴ የፋብሪካ መካኒክ ነበር። ከናዝሬት ተዛውሮ ነው የመጣነው። ከሥራ መልስ ከቀርከሃ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ይሠራል፤ እጀታውን ማስጌጥ የእኔ ድርሻ ነው። የዋንዛ እንጨቱን እጀታ በስሱ ቦርቡሬ የወፍ ላባ በኮላ አስተኛበታለሁ። ጫፍና ጫፉን በክር ጠምጥሜ ቫርኒሽ ደጋግሜ እቀባዋለሁ። ሲደርቅ ላባው መስታወት ሥር የተኛ ይመስላል።

በዚያ ዓመት የሠራተኛ ማኅበሩ ለሜይ ዴይ በዓል ለኮከብ ሠራተኛ የሚሸለም ዘንግ አዘዘን። እኔ ሰማያዊ ላባ ካልገባበት ብዬ ድርቅ አልኩ። የዶሮና የጅግራ ላባ ሰልችቶኝ ነበር። ዓሣ የምታጠምደው ትንሿ ሰማያዊ ወፍ ከዳር ራቅ ያለ ድንጋይ ላይ እያረፈች ላባዋን ስታራግፍ አይቻታለሁ።

እንጨት በታንኳ የሚያመላልሱ አያ ገላው የሚባሉ ጎረቤት ነበሩን። "ከታንኳዎቹ አንዱን ውሰጅ፤ ከድንጋዩ ግን እንዳታልፊ" አሉኝ። ጠዋት ወደ ዳር ወረድኩ። ሦስት ታንኳዎች ዛፍ ተደግፈው ቆመዋል፤ አንዱ ውሃ ላይ ተኝቷል። የቆሙት አርጅተው የተጣሉ መሰሉኝ። ውሃ ላይ ያለውን ይዤ ወጣሁ።

የጣና ታንኳ ደንገል ከሚባል የሐይቅ ዳር ቄጠማ ይሠራል፤ ደንገል ደግሞ ውሃ ይጠጣል። ስለዚህ ሲሠራ የዋለ ታንኳ እንዲደርቅ ይቆማል። ይህን የሐይቁ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ የናዝሬት ልጅ ከየት ታውቀዋለች? የቆሙት ደህናዎቹ ነበሩ። እኔ የመረጥኩት ጠጥቶ ጠጥቶ የሰከረውን ነው።

ከድንጋዩ ሳልደርስ የጠዋቱ ነፋስ ከየብስ ወደ ሐይቁ ይገፋኝ ጀመር። ብቀዝፍ ብቀዝፍ ታንኳው እንደ እርጥብ ፍራሽ ከበደኝ። ጮህኩ፤ የሰማኝ የለም። ዋና አልችልም። ውሃው በደንገሉ መሀል እየሰረገ ቀሚሴን አረጠበው። ከተማው በጠዋቱ ጉም ውስጥ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄደ። ይገርማል፣ ፍርሃቴ በጣም ሲበዛ እንቅልፍ እንቅልፍ አለኝ። ሰማዩና ውሃው አንድ ቀለም ሆኑብኝ።

ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም፤ ዛፍ የሞላበት ደሴት ፊቴ ቆመ። "እመቤቴ ደረሰችልኝ!" ብዬ ልዘል ስል ከዛፎቹ መካከል ድምፅ መጣ።

"ልጄ፣ እንዳትወርጅ! ሴት አትረግጠውም፤ ግዝት ነው።"

አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ናቸው። እንዳዩኝ ፊታቸውን አዞሩ።

"አባ፣ እየሰጠመብኝ ነው!" አልኳቸው እያለቀስኩ።

ከዚያ የኋሊት እየተራመዱ ውሃው ውስጥ ገቡ። መቋሚያቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው እስከ ወገባቸው ድረስ መጡ። ጫፉን ያዝኩ። ስበው ስበው ታንኳውን ከሾላ ሥር ጋር አሰሩት። ቀጥለው ደረቅ ደንገል ተሸከሙና፣ አሁንም የኋሊት እየመጡ፣ ከሥሬ እንድወሽቀው አቀበሉኝ። አንዴ እንኳ ዞር ብለው አላዩኝም።

"የገዳሙ ታንኳ ከተማ ሄዷል። እስኪመለስ እዚያው ተቀመጭ" አሉና ዛፉ ሥር ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተቀመጡ። "እኔ አላይሽም። ዝም ካልሽ ውሃ ወሰዳት ብየ እደነግጣለሁ። አውሪ።"

"ምን ላውራ አባ?"

"የመጣሽበትን።"

ስለ ላባ አወራኋቸው። በሳሙና ታጥቦ ጥላ ላይ እንደሚደርቅ፣ በጋዜጣ መሀል እንደሚተኛ፣ አጥንቱ በምላጭ እንደሚሳሳ፣ ዘንጉን የሚይዘውን ሰው እጅ እንዳይሻክረው ወዴት እንደሚዞር ነገርኳቸው።

"ኮላው ከምንድን ነው?" አሉኝ።

"የሱቅ ነው አባ።"

"የሱቅ!" አሉ፤ ትንሽ የሳቁ መሰለኝ። "እኛ ለመጽሐፍ መደጎሻ፣ ለመጠረዣው፣ ከቆዳ ነው የምናፈላው።"

ከራሴ በላይ ወፎች ይመላለሳሉ። አንድ ሰማያዊ ላባ እየተሽከረከረ ወርዶ ከዳሩ አፈር ላይ አረፈ። ክንዴን ብዘረጋ እደርስበታለሁ።

"አባ፣ ላባ ወደቀ፤ ልውሰደው?"

"ምድር ላይ የወደቀ የገዳሙ ነው። ውሃ ላይ ከወደቀ ውሰጅው።"

ቀኑን ሙሉ ውሃ ላይ የወደቀልኝ አንድ ግራጫ ላባ ብቻ ነበር። ፀሐዩ ሞቀ። የእርጥብ ደንገል ሽታና የውሃው መወዛወዝ ተደባልቀው የማወራው እኔ ልሁን ሌላ ሰው ተምታታብኝ። ባሸለብኩ ቁጥር "አለሽ ልጄ?" ይሉኛል፤ "አለሁ አባ" እላለሁ። የላባው ወሬ ሲያልቅብኝ ስለ እናቴ አወራሁ። ፀጉሬን ስትሠራኝ የምታንጎራጉረውን እንኳ ሳይቀር አንጎራጎርኩላቸው። በዚያ መሀል "አለሽ?" ማለታቸውን ተዉት።

ከሰዓት በኋላ አያ ገላው፣ የሰከረው ታንኳ ከዳር መጥፋቱን አይተው፣ ነፋሱ በገፋበት በኩል በሌላ ታንኳ እየቀዘፉ መጡ። "የቆመውን ትተሽ የሰከረውን!" እያሉ ወደራሳቸው ታንኳ አሻገሩኝ። የገዳሙ ታንኳ ገና አልተመለሰም ነበር።

"አባ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ነፍሴን አተረፉልኝ" አልኩ።

መነኩሴው አሁንም አልዞሩም። "ዓለሙን ትቼ ስመንን ሴት ልጄን ትቼ ነው የመጣሁ። ፊቷ አልጠፋኝም፤ ድምፅዋን ግን ረስቸው ነበር። ዛሬ ስሰማት ዋልሁ" አሉና ተነሥተው ወደ ዛፎቹ ገቡ።

ግራጫዋን ላባ ዘንጉ ላይ አስገባኋት። የኮሚቴው ሰዎች "ይሄማ የዶሮ ነው" ብለው አሙኝ፤ አልተከራከርኩም።

ያኔ ልጅ አልነበረኝም፤ የአባ ነገር በደንብ አልገባኝም። ከወለድኩ በኋላ ነው የገባኝ። ያን ቀን ለእመቤቴ ስለት ስሳል የዋልኩት የሚወስደኝ ታንኳ ቶሎ እንዲመጣ ነበር። አሁን ግን ምነው አያ ገላው ትንሽ በዘገዩ ኖሮ፣ ምነው ትንሽ ጨምሬ ባወራሁላቸው ኖሮ እላለሁ።